ሁለት ሜኑ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ካፊያው መስኮት ይመታል፣
የግሪምስቢ ነፋስ በራችንን ይከፍታል፣
ማንም ሳይገባበት መልሶ ይዘጋል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሰሃን ተሸክሜ፣
ከወደቡ ማዶ፣ ከዚሁ በር ቆሜ፣
እንግዳን በኮቱ፣ በጫማው አነባለሁ፤
ማን ዓሣ እንደሚያዝ፣ ማን ሻይ ብቻ እንደሚል
አፉን ሳይከፍት አውቃለሁ።

ሜኑው ግን በቀደም አዲስ ልብስ ለበሰ፤
ከየምግቡ ግርጌ፣ ከዋጋው ጎን ለጎን፣
ጉንዳን የሚያካክል ቁጥር ተርመሰመሰ።
ዓሣ ከነድንቹ፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ።
የተፈጨው አተር፦ ዘጠና።
የፖም ኬክ ከነክሬሙ…
እሱን እንኳ ተዉት፤
ተርፎ ሲመለስ፣ ጓዳ ቆሜ ስንቴ የጨረስኩት፣
ጣዕሙን እንጂ ቁጥሩን መች አውቄ በላሁት!

ወጥ ቤታችን ክላይቭ ሳቀ መጀመሪያ፦
«እጄ አይደል ወይ ሚዛን? ዓይኔ አይደል መለኪያ?»
ከዋናው መሥሪያ ቤት ሚዛን ተላከለት፤
በእፍኝ የሚበትነው፣ በቁንጥር የሚያውቀው
በግራም ሆነበት።
ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ ለመደው።
ሰው የማይለምደው የለም፣ ወር ሲሞላው።

ሌናርድ ግን ደስ አለው።
የመርከብ ጫኝ ነበር፣ ጡረታ የወጣ፣
ልቡ አንዴ ከድቶት፣ ከሞት ደጅ የመጣ።
«ሃያ ኪሎ ቀንስ» ብለው ሲሰዱት፣
በጨለማ እንደሚዋኝ ሰው ዳሩ የጠፋበት።
አሁን እርሳስ ቁራጭ ከጆሮው ሰክቶ፣
በናፕኪን ጀርባ ላይ ይደምራል ተግቶ።
ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ።
«ይኸውልሽ ሎርና» ይለኛል፣ ሆዱን መታ መታ አድርጎ፣
«ቁጥር ምርኩዝ ነው፣ ለሚያነክስ ሰው።»

ዛሬ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የሌናርድ ሴት ልጅ ነበረች፤
ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፦
«ማታ አባባ ቴሳን ይዟት ይመጣል።
ሰባት ወር ሆስፒታል ተኝታ መውጣቷ ነው።
ቁጥር የሌለበት ሜኑ ይኖራችኋል?»
አለን። አንድ ቅጂ፣ ከመሳቢያው ሥር፣
ለጠየቀ ብቻ የሚወጣ፤
እስከዛሬ ግን ጠያቂ አልመጣ።
አቧራውን በሽርጤ ጠረግኩት።

ሰባተኛው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።
አሥራ ስድስት ዓመቷ። እጅጌዋ ጣቶቿን ውጧል።
ለእሱ ባለቁጥሩን፣ ለእሷ ባዶውን ሰጠሁ፣
ምንም እንዳልደበቀ ሰው ፈገግ እያልኩ።
ገለጠችው። አየችው። ዘጋችው።
«አመሰግናለሁ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ አዝና፣
«ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። አተሩ ዘጠና።»

ምን ይባላል?
ለአንዱ ምርኩዝ የሆነው ለሌላዋ ድንጋይ፣
ያውም ከደረቷ ላይ፣
ያውም መሳቢያ ቢቆለፍበት የማይቀር።
ሌናርድ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ ኪሱ ከተተ፤
መነጽሩንም አጠፈ።
«ዓሣ ከነድንቹ» አለኝ፣ «አንድ። ሹካ ሁለት።»

ሰሃኑን ከመሐል አኖረው፣ ወደ ማንም ሳያደላ፤
ሳንድዊቹን ከእጁ ስለነጠቀው የባሕር ወፍ እያወራት
ዓሣውን ብቻውን በላ።
ድንቹ በረደ። የኮምጣጤው ሽታ ተነነ።
ጨው የማቀብል መስዬ ሁለት ጊዜ አለፍኩ፤
ሁለቴም ሹካዋ ከተኛበት አልተነሳም።
በሦስተኛው ነው የሰማሁት፦
«አንድ ድንች ስንት ነው፣ አያቴ፣ ከሰው ሰሃን ሲነሳ?»
«እኔ እንጃ» አለ ሌናርድ፣ «እሱን አልጻፉትም።»
«አልጻፉትም» አለች።
ፈገግታ አይባልም። ግን እጅጌዋን ሰበሰበች፤
ጫፏ ያረረ አንዲት ድንች በጣቷ አነሳች፤
ረጅም ጊዜ አኘከች።

ሲሄዱ ጠረጴዛውን ላጸዳ መጣሁ።
የቀሩትን ድንቾች አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት
ብዬ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት፤
ተውኩት።